አቶ ይርዳውና መሸኛ የሌላት ከተማ

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። አዳራሹ ያው ነው፣ ወንበሮቹም ያው ናቸው፤ መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ብቻ ተቀያይረዋል። አጀንዳው «የከተማችን ልማት» ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ መጤ ላይ አረፈ። የቤት ኪራይ የጨመረው በመጤ ነው፤ ቦኖው ላይ ወረፋ የረዘመው በመጤ ነው፤ ስንዴ የተወደደውም በመጤ ነው። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ እንደ ወጉ ራሱን እየነቀነቀ ማስታወሻ ይይዛል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንድ ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሳቅና ንቀት የተደባለቁበት አጭር ትንፋሽ። አልመጣም። አቶ ይርዳው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሞታቸው ከልቤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ከተማችን ከንፋስ መውጫ ብዙም የማትርቅ የጋይንት ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራው ሌላ ስብሰባ ይጠሩልኛል። አቶ ይርዳው በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነበሩ። እኔ ከጠረጴዛቸው ትይዩ ተቀምጬ መታወቂያ እሞላለሁ። ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ተያይተናል። አጭር፣ ደረታቸው ገባ ያለ፣ ከበጋ እስከ ክረምት አንድ ግራጫ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። ማህደር ሲያነቡ ያደርጉታል፤ ባለሥልጣን ንግግር ሲጀምር አውልቀው ደረታቸው ላይ ይለቁታል። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ የሚነበብ ነገር ሲኖር ብቻ ነው የማደርገው አሉኝ።

የተወለዱት እስቴ ነው። በልጅነታቸው ድጓ ሊማሩ ወደዚህ መጥተው፣ ከደጅ ደጅ እየለመኑ የዚህ ከተማ ሰው እንጀራ አሳደጋቸው። ትምህርቱን ዓይናቸው ሲደክም ተዉት። ድምፃቸው ግን አልተዋቸውም፤ ማህደር እየፈለጉ ሲያንጎራጉሩ ባለጉዳይ ወረፋውን ረስቶ ይሰማቸው ነበር። ቀበሌ የገቡት ገና በደርግ ጊዜ ነው። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ማህተሙ ይቀየራል፤ ይርዳው ግን ከነመደርደሪያቸው ይቀራሉ። ስንት አለቃ እንዳሳለፉ የሚጠይቃቸው ቢኖር፣ አለቃ አልቆጠርሁም፣ ማህተም ግን አራት አሳልፌአለሁ ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው በሰው ላይ ክፉ ቃል ሲናገር ከሰሙ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው ያወጡና በትሕትና «ልጻፈው?» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ተናጋሪው ቃሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር በዓይነ ኅሊናው ያየዋል መሰለኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲያው ነው ያልሁት፣ ተዉት እንጂ፣ ይላል። ይርዳው እስክሪብቷቸውን ይመልሱና ያችን አጭር ትንፋሽ በአፍንጫቸው ያወጧታል።

ከወለጋ የተፈናቀሉት ሰዎች ወደ ከተማችን የገቡ ጊዜ አቀባበሉ ሌላ ነበር። የዚያን ጊዜውን የከተማ ሹም ስሙን ትቼ ሰብሳቢው ልበለው፤ ከመሰብሰብ ሌላ ሲሠራ አይቼው አላውቅምና። ሰብሳቢው ካሜራ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ መባሉን ሲሰማ ጨርቅ ላይ «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» አስጽፎ መንገድ ላይ አሰቀለ። አንዲት ሕፃን ብድግ አድርጎ ታቀፈ። ወገን ለወገን ምናምን አለ። ካሜራው ሲሄድ ሕፃኗን ለእናቷ መለሰ፤ ጨርቁን ግን ማንም አላወረደውም፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ እዚያው ተሰቅሎ ሲበሰብስ ቆየ።

ሕፃን ካልሁ ዘንድ፣ የብርቄን ነገር ላንሣ። ወይዘሮ ብርቄ ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች፣ ባሏ መንገድ ላይ የቀረባት፣ ወደ አርባ የተጠጋች ሴት ናት። ወላጆቿ የስማዳ ሰዎች ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ለሰፈራ ብሎ ጭኖ ወለጋ ወሰዳቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚያ ነው። እዚያ ዕድሜዋን ሙሉ መጤ ሲሏት ኖረው አባረሯት። አባቷ ወዳወሩላት አገር ስትመለስ ደግሞ እኛ መጤ አልናት። ይኼን ስንል ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድንም። ትልቋ ልጇ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱን በየወሩ ከጤና ጣቢያ የምታገኘው በጤና መድን ነው፤ መድን ያለ መታወቂያ አይሰጥም። ለብርቄ መታወቂያ ማለት የልጅቱ ኪኒን ማለት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጊዜያዊ መታወቂያ ሰጠናቸው። ከዚያ ማጉረምረሙ ጀመረ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጮኸው አቶ ሞላ ነበር፤ የእድራችን ሊቀመንበርና በግቢው ውስጥ ዘጠኝ ክፍል የሚያከራይ ሰው። ለተፈናቃዮቹ ኪራዩን እጥፍ አድርጎ አከራየና፣ እነዚህ ሰዎች ኪራይ አስወደዱብን እያለ በየዝክሩ አለቀሰ። የሚገርመው ሰው ሁሉ አመነው። እጥፍ የጨመረው እሱ ራሱ መሆኑን የሚያውቁት ተከራዮቹ ሳይቀሩ፣ እውነት ነው ይሉ ነበር። ሰብሳቢው በበኩሉ የሰውን አፍ ይለካል። ጠላ ቤት ያደመጠውን ጧት ቢሮ ውስጥ የራሱ ሐሳብ አድርጎ ይናገረዋል። በወሩ ከአፉ «ወገን» የሚል ቃል ጠፋ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ተፈናቃዮቹም መጥተው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ወንበር የሰጣቸው የለም። አቶ ሞላ ተነሣና፣ ሰው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዛወር ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ይዞ መምጣት ደንብ ነው፣ እነዚህ ሰዎች መሸኛ የላቸውም፣ ማን እንደሆኑ በምን እናውቃለን አለ። ጭብጨባው ጣራውን አንቀጠቀጠው። ቤቱ ተቃጥሎ በሌሊት የሸሸ ሰው የቀበሌ ሊቀመንበር ፈልጎ ደብዳቤ ማስጻፍ ነበረበት ማለቱ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም።

ሰብሳቢው ጭብጨባውን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሕዝቡ የጠየቀውን ከዛሬ ጀምሮ እንመልሳለን፣ መሸኛ የሌለው ማንም ይሁን ማን በአንድ ወር ውስጥ መታወቂያውን መልሶ ወደመጣበት ይሄዳል አለ። ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ይርዳው ናቸው። ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«‹ማንም ይሁን ማን› ነው ያሉት? ልጻፈው?» አሉ።

«ይጻፍ» አለ ሰብሳቢው፤ «እንዳለ ይጻፍ።»

እንዳለ ጻፉት። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ። እኔም አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ከፊቴ አለቃዬ ተቀምጧል፣ ከጎኔ የእድሬ ሊቀመንበር። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ፈሪ ነበርሁ፣ ያውም የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር።

በማግስቱ ይርዳው መደርደሪያውን ከዳር ጀምረው ያወርዱት ጀመር። እያንዳንዱን ማህደር ይከፍታሉ፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ይገልጣሉ፣ አንድ ወረቀት ፈልገው ሲያጡ ስም ይመዘግባሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድጓቸውን እያንጎራጎሩ ይህንኑ ሠሩ። ምን እየሠሩ ነው ስላቸው፣ ውሳኔ እያስፈጸምሁ ነዋ አሉኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስምንት ገጽ ዝርዝር ለጠፉ። አናቱ ላይ የቃለ ጉባኤው ውሳኔ ቃል በቃል ተገልብጧል። ከሥሩ የመጀመሪያው ስም «ይርዳው፣ ከእስቴ የመጣ፣ መሸኛ የለውም» ይላል። ሁለተኛው አቶ ሞላ ነው፤ ከአርብ ገበያ አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ በአህያ በርበሬ እየጫነ መጥቶ በዚያው የቀረ። ከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጠላ ነጋዴዋ፣ እኔ፤ ስምንት ገጽ ሙሉ። ገጠር ካለ ሰው ማን መሸኛ ይዞ መጥቶ ያውቃል? ሰው ድርቅ ሲመታው ወይም ትዳር ሲፈርስበት ኮተቱን ሸክፎ ይመጣል፤ ከተማይቱ የቆመችው በዚያ ነው። በስምንተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የሰብሳቢው ስም ሰፍሯል፤ ከወገዳ ለትምህርት መጥቶ ቤት ተከራይቶ ያደገ፣ መሸኛ የሌለው።

ያን ቀን ከተማው እንዴት እንደሆነ መናገር ያስቸግራል። ሰው ዝርዝሩን እያነበበ ስሙን ሲያገኝ የሰማሁት ቁጣ፣ ብርቄ ትሂድ ሲባል ያልተሰማ ቁጣ ነበር። እኔን መጤ ትሉኛላችሁ ወይ፣ ልጆቼን የወለድሁበት አገር አይደለም ወይ፣ ይላል ሁሉም። ይርዳው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ያደምጡታል። ሲጨርስ እስክሪብቷቸውን ያነሡና ልጻፈው ይሉታል።

ሰብሳቢው ቢሮአችን መጥቶ በሩን ዘግቶ ጮኸ። በመንግሥት ላይ ማላገጥ ነው አላቸው። ይርዳው ቃለ ጉባኤውን ከፍተው ፊርማውን አሳዩት። «ያላሉትን ጽፌብዎ ከሆነ እቀጣለሁ» አሉት። 

እኔ የዋህ፣ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሰው ራሱን ዝርዝር ውስጥ ሲያገኝ የብርቄ ነገር ይገባዋል አልሁ። በሦስተኛው ቀን የማሻሻያ ደብዳቤ መጣ። ከተፈናቃዮቹ መምጣት በፊት የገቡ ነዋሪዎች የከተማዋ ባለቤቶች በመሆናቸው ውሳኔው አይመለከታቸውም ይላል። ከስምንቱ ገጽ ስምንቱም ተሰረዘ። ውሳኔው የሚይዛቸው ተፈናቃዮቹን ብቻ ሆነ፤ አሥራ አንድ አባወራ። ከተማው እፎይ አለ። አቶ ሞላ የከተማዋ ባለቤት ተባልሁ ብሎ ጠላ ጋበዘ። በዚያ ቀን ይርዳው ሳያንጎራጉሩ ዋሉ። ወደ ማታ ከቢሮ ስንወጣ፣ ሁሉንም አዳንሁና ብርቄን አስያዝሁ አሉኝ። ሲያዝኑ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥሩ አባወራ ወሩ ሳያልቅ ሄዱ፤ ከፊሉ ደብረ ታቦር፣ ከፊሉ ባሕር ዳር፣ የቀሩት የት እንደሆነ አላውቅም። ብርቄ መሄድ አልቻለችም። የልጅቱ ኪኒን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት አልቀረውም፤ በሌላ ከተማ እንደገና ከዜሮ ለመጀመር ደግሞ እዚያም መታወቂያ ይጠይቃሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርዳው ትንሽ ጉዳይ አለችኝ ብለው ሦስት ሰው ጠሩ፤ የንስሐ አባታቸውን አባ ተክሌን፣ እኔንና አቶ ሞላን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የወይራ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ይርዳው ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ፤ ማር ነው። አባ ተክሌ ነገሩ ገብቷቸው ፈገግ አሉ። ይርዳው ቀኝ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና ለብርቄ ዘረጉላት። በድሮ ጊዜ፣ ወላጅ የሌለው ሰው ትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ ማር የተቀባ ጣት ከጠባ የጡት ልጁ ይሆናል፤ ከሥጋ ልጅ አይለይም። አያቴ ሲያወሩት ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። የሁለት ልጆች እናቷ ሴት እፍረት እየያዛት ጎንበስ ብላ ጠባች። ማሩ አገጯ ላይ ፈሰሰ።

«ከዛሬ ጀምሮ አባትሽ ነኝ» አሏት፤ «ልጆችሽ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ስሞት ታለቅሽኛለሽ።»

ብርቄ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት። አቶ ሞላ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ይኼ ነገር እኮ የቀረ ባህል ነው አለ። ይርዳው የሚከለክል መመሪያ ካለ እንዲያመጣላቸው ጠየቁት። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ትኩር ብለው እያዩት ይርዳው ጽፈው ያመጡትን የምስክር ወረቀት ሲዘረጉለት አቶ ሞላ ፈረመ። በካህን ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አልፈርምም ማለት የሚችል ዓይነት ሰው አልነበረም። ክፋቱም ቢሆን ሰው ሲያጨበጭብለት ብቻ የሚበረታ ክፋት ነው።

ሰኞ ጧት ይርዳው ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት፣ በባለጉዳይ በኩል ቆሙ። የምስክር ወረቀቱን አስቀመጡና በእሳቸው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ሦስት ሰው እንድጨምር ጠየቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፣ ልጅም አልነበራቸውም፤ በቅጹ ላይ የነበረው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ጋሼ፣ እንጀራዬን ነው የሚያስወጡኝ አልኋቸው።

«የምትጽፈው ሐሰት ከሆነ አትጻፍ» አሉኝ። «እውነት ከሆነ ግን ልጄን አስመዝግብልኝ፤ ወረፋ ይዤአለሁ።»

ቅጹን ስቤ ሞላሁ። ዝምድና በሚለው ዓምድ «ልጅ» ብዬ ጻፍሁ። የዚያኑ ዕለት መታወቂያው ወጣ፤ በሳምንቱ መድኑ፤ ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጤና ጣቢያው ሌላ ሰጣት።

ሰብሳቢው ሲሰማ የሕግ ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው መመሪያ ሲያገላብጥ ዋለ፤ ስለ ማር የሚል ቃል አላገኘም። እኔን ለጥቂት ቀን በዝምታ ቀጡኝና ተዉኝ። ይርዳውን ግን ዕድሜዎ ደርሷል ብለው በጡረታ አሰናበቷቸው፤ ያበረከቱትን አገልግሎት የሚያመሰግን፣ ዙሪያው አበባ የታተመበት ወረቀት ሰጧቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት ነበረው፤ በቀይ አርመው ለጸሐፊዋ መለሱላት።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ብዙ አይደለም። ግን ከብርቄና ከልጆቿ ጋር በአንድ ቤት ደስ ብሏቸው ኖሩ። ብርቄ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች ብለው ያማርራሉ፣ ሁለት ጊዜ ግን ያስጨምራሉ። ልጅቱን ዜማ ያስተምሯት ነበር፤ በደጃቸው ሳልፍ ሁለቱም ሲያንጎራጉሩ እሰማለሁ። አልፎ አልፎ ገብቼ ስለ ቢሮው ወሬ ሳወራቸው አይጠይቁኝም። ስለ ሰብሳቢው ግን አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። ወደ ዞን አድጎ ሄዷል ስላቸው ረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ ሳል ያዛቸው። ያ ሳል አልለቀቃቸውም። በዓቢይ ጾም አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ብርቄ ራሳቸውን ደግፋ ውኃ እያጠጣቻቸው አረፉ።

የእድር ደንብ የታወቀ ነው። ድንኳን የሚተከለው በሟች ቤት ነው፤ ከድንኳኑ ራስ የሚቀመጠው የሟች ልጅ ነው፤ አባል ሁሉ መጥቶ ሐዘንተኛውን ማጽናናት አለበት። ስለዚህ ብርቄ ከድንኳኑ ራስ ተቀመጠች፣ ልጆቿ በግራና በቀኟ፣ ከተማው ደግሞ ተሰልፎ መጣ። እጁን አውጥቶ ትውጣ ያላት ከተማ፣ አንድ በአንድ፣ እፊቷ ጎንበስ እያለ እግዜር ያጽናሽ አላት። ሊቀመንበሩ አቶ ሞላ ከሁሉ በፊት ጎንበስ አለ። ሰብሳቢው ከዞን በመኪና መጥቶ፣ ይርዳው የከተማችን ልጅ፣ የእንግዳ ተቀባይነታችን ምልክት ነበሩ ብሎ ተናገረ። ያን ጊዜ ከጥግ ተቀምጬ ጥርሴን ነከስሁ። ብርቄ ግን ለሁሉም አቤት ትላለች፣ ለሁሉም ቦታ ታሳያለች። ማንንም አላሳፈረችም፤ ማፈር የነበረብን እኛ ግን ንፍሮ እየቆረጠምን ስለ ዝናቡ እናወራ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ቀርቤ ጎንበስ አልሁና ያንኑ ቃል አልኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበር የምትለኝ። የዘረጋሁላትን እጅ ያዘችና አልለቀቀችም።

«ስብሰባው ላይ እጅህን ስታወጣ ከኋላ ቆሜ አይቼሃለሁ» አለችኝ በዝግታ። «አባቴም አይቶሃል። ቅጹን በማን አስሞላለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ እጁን ባወጣው በዚያው ሰው ነው የማስሞላው አለኝ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልሁ። ንፍሮ በሳህን አቀረበችልኝ። በዚያችው እጄ ዘግኜ በላሁ።